ለግፊት፣ ለስኳርና ለልብ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው የአመጋገቡን ጥራት የሚያሻሽልበት ዝርዝር መመሪያ

የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመም፣ የኮሌስትሮል መብዛትና የልብ ሕመም ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው ላይ ተደራርበው ይገኛሉ። በዚህ የተነሣ አንድ ታካሚ ከአንዱ ክትትል «ጨው ይቀንሱ»፣ ከሌላው «ጣፋጭ ይተዉ»፣ ከሦስተኛው ደግሞ «ከቅባት ይጠንቀቁ» የሚል ምክር ይዞ ይመለሳል። እያንዳንዱ ምክር ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው። አንድ ላይ ሲደመሩ ግን ታካሚው የተከለከለውን በሚገባ እያወቀ ምን መብላት እንዳለበት ሳያውቅ ይቀራል፤ ከገበታው ላይ አንዱን ምግብ ከሌላው በኋላ እያነሣ ሄዶም በመጨረሻ የሚተርፈው ከነጭ ዱቄት የተሠራ፣ ጣዕም የሌለውና ሊዘልቁበት የማይቻል ምግብ ይሆናል። ሦስቱን ክልከላዎች ያከበረ አመጋገብ ጥራቱ ዝቅተኛ ሊሆን የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው መድኃኒት በመውሰድ ላይ ላለ አዋቂ ሰው ሲሆን፣ ለሁሉም ሕመሞች በአንድነት የሚያገለግል አመጋገብ እንዴት እንደሚገነባና ከሚወሰደው መድኃኒት ጋር እንዴት እንደሚጣጣም ያሳያል። «መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ ከሆነ አመጋገቡ ምን ይጨምራል?» ለሚል ጥያቄ ጥሩ መልስ የሰጠው በስፔን የተካሄደውና ፕሬዲሜድ የተባለው ጥናት ነው። በ2013 ታትሞ፣ በአሠራሩ ላይ በታየ ጉድለት ምክንያት በ2018 እንደገና ተሠርቶ የወጣው ይህ ጥናት፣ የወይራ ዘይት ወይም ለውዝ የተጨመረበት የሜዲትራኒያን አመጋገብ (አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ጥራጥሬና ዓሣ የሚበዛበት) የተሰጣቸው ሰዎች ቅባት እንዲቀንሱ ከተመከሩት ይልቅ በድንገተኛ የልብ ሕመም (የልብ ደም ሥር መዘጋት)፣ በስትሮክ ወይም በልብና በደም ሥር ሕመም በሚመጣ ሞት የመጠቃት ዕድላቸው በ30 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ከተሳታፊዎቹ ግማሽ ያህሉ የስኳር ሕመም ነበረባቸው፤ ብዙዎቹም የግፊት ወይም የኮሌስትሮል መድኃኒት ይወስዱ ነበር። ጥቅሙ የተገኘው እንግዲህ በሕክምናው ላይ ተጨምሮ ነው፤ መድኃኒት አቁሞ በምግብ ለመተካት ጥናቱ ማስረጃ አይሆንም።

ደረጃ 1፦ ሕመሞቹን፣ መድኃኒቶቹንና የምርመራ ውጤቶቹን በአንድ ገጽ ላይ ያስፍሩ

አመጋገብ ከመቀየርዎ በፊት የተነገሩዎትን ሕመሞች በሙሉ፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ከነመጠናቸውና ከሚወሰዱበት ሰዓት ጋር፣ እንዲሁም የመጨረሻዎቹን ውጤቶች በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ከውጤቶቹ መካከል የደም ግፊት ልኬት፣ የሁለትና የሦስት ወር የስኳር አማካይ የሚያሳየው ኤ ዋን ሲ፣ ጎጂው ኮሌስትሮል የሚባለው ኤል ዲ ኤል፣ በደም ውስጥ ያለ ሌላ የቅባት ዓይነት የሆነው ትራይግሊሰራይድ፣ ክሪያቲኒንና ፖታሲየም ሊኖሩ ይገባል። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ብዙ ሰው አይጠይቅም፤ ነገር ግን ኩላሊት በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ የሚናገሩት እነሱ ስለሆኑ፣ ከዚህ በታች ከሚመጡት ምክሮች የትኛው ለእርስዎ እንደሚሆንና የትኛው እንደማይሆን የሚወሰነው በእነሱ ነው። በቅርብ ካልተመረመሩ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይጠይቁ።

ደረጃ 2፦ ምንም ሳይቀይሩ የሦስት ቀን ምግብዎን ይመዝግቡ

ሁለት የሥራ ቀንና አንድ የዕረፍት ቀን ይምረጡ። በእነዚህ ቀናት የበሉትንና የጠጡትን ሁሉ ወዲያው በበሉበት ሰዓት ይጻፉ፤ ማታ ላይ በትዝታ የሚጻፍ መዝገብ ሁልጊዜ ከእውነታው ያንሳል። ሰዎች የሚበሉትን አሳንሰው መናገራቸው በሥነ ምግብ ምርምር በሚገባ የታወቀ ችግር ነው፤ «ቀንሱ» የተባለ ታካሚ ደግሞ ሳያስበው ይበልጥ ያሳንሳል። ሚዛን አያስፈልግም፤ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ኩባያ፣ ተመሳሳይ ማንኪያና ተመሳሳይ ሳህን መጠቀም ይበቃል።

ከመዝገብ ላይ በብዛት የሚቀሩት ምግብ ሲበስል የሚጨመረው ዘይት፣ በመጠጥ ውስጥ የሚገባው ስኳር፣ ዳቦ ላይ የሚቀባው፣ ምግብ እየሠሩ የሚቀመሰውና ከልጆች ሳህን ላይ የሚነሣው ናቸው። እነዚህን ሆን ብለው ይፈልጓቸው። ከእያንዳንዱ ምግብ ጎን መድኃኒት የወሰዱበትን ሰዓት ማስፈርም ኋላ ላይ ይጠቅማል።

ደረጃ 3፦ መዝገቡን ሁለት ጊዜ ያንብቡ

ተመራማሪዎች የአመጋገብን ጥራት የሚለኩባቸው በርካታ መለኪያዎች አሉ፤ ከ100 የሚታረመው «ጤናማ አመጋገብ መለኪያ» የተባለው አንዱ ነው። ለግል ክትትል ያን ያህል ርቀት መሄድ አያስፈልግም። መዝገቡን መጀመሪያ ሲያነቡ የሚፈልጉት መኖር ያለባቸውን ነው፦ አትክልት፣ ሙሉ ፍራፍሬ፣ ጥራጥሬ፣ ያልተፈተገ እህል፣ ለውዝ ወይም የቅባት እህል፣ ዓሣ ወይም ቅባቱ የተነሣለት የወተት ተዋጽኦ ወይም ስብ የሌለው ሥጋ፣ እንዲሁም ፈሳሽ የአትክልት ዘይት። በየቀኑ ለተገኘው ምድብ አንድ ነጥብ ይስጡ፤ የሦስቱ ቀን ድምር ቢበዛ 21 ይሆናል።

በሁለተኛው ንባብ ደግሞ ስኳር ያለበት መጠጥ፣ ጨው የበዛበት የታሸገ ምግብ፣ በፋብሪካ የተዘጋጀ ሥጋ፣ በዘይት ውስጥ የተጠበሰ፣ ጣፋጭና አልኮል ስንት ጊዜ እንደተመዘገቡ ይቁጠሩ።

አንዱን ቁጥር በሌላው አያካክሱ። በቀን ውስጥ አራት ዓይነት አትክልት መብላት የሁለት ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ስኳር አይሽርም፤ ጎጂውን ሁሉ ትቶ ጥራጥሬና አትክልት የማይነካ ሰውም ጥራት ያለው አመጋገብ አለው ሊባል አይችልም። በእኔ አስተያየት ለረጅም ጊዜ በሕክምና ላይ በቆዩ ሰዎች ዘንድ ይበልጥ የሚዘነጋው የመጀመሪያው ቁጥር ነው፤ ምክንያቱም በቀጠሮ ቀን «ተውክ ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል እንጂ «ጀመርክ ወይ?» የሚል ጥያቄ ብዙም አይነሣም። መጠንን በተመለከተ የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ሲሆን፣ ይህም እያንዳንዱ 80 ግራም የሆነ አምስት ድርሻ ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ በማንሣት ሳይሆን በመተካት ይጀምሩ

የሚነሣ ምግብ ሁሉ ቦታው በሌላ መሞላቱ አይቀርምና ውጤቱን የሚወስነው የሚተካው ነው። ይህ በተለይ በቅባት ላይ ግልጽ ሆኖ ይታያል። በክፍል ሙቀት የሚረጋ ቅባት፣ ማለትም ቅቤ፣ የሥጋ ስብ፣ የዘንባባና የኮኮናት ዘይት፣ በፈሳሽ የአትክልት ዘይት ሲተካ ኤል ዲ ኤል ይወርዳል፤ የልብ ሕመም ሥጋትም ይቀንሳል። ያው ቅባት በነጭ ዳቦና በጣፋጭ ሲተካ ግን የልብ ጥቅሙ ይጠፋል፤ ትራይግሊሰራይድም ይጨምራል። «ቅባት የለውም» ተብሎ የሚሸጥ፣ ጣዕሙ በስኳር የተካካሰ ምርት ለዚህ ነው የማይረዳው።

እንግዲህ በደረጃ 1 ከጻፉት ገጽ ላይ ከታለመው መጠን በጣም የራቀውን ቁጥር ይምረጡና ለእሱ የሚስማማውን አንድ ምትክ ብቻ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ይያዙ። ኤል ዲ ኤል ከፍ ካለ ከቅባቱ ምትክ በተጨማሪ አጃና ገብስ ይረዳሉ፤ በውስጣቸው ያለው ቤታ ግሉካን የተባለ የሚሟሟ አሰር በቀን 3 ግራም ያህል ሲወሰድ ኤል ዲ ኤልን በመጠኑ እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ ተረጋግጧል። ትራይግሊሰራይድ ከሆነ የበዛው፣ መጀመሪያ የሚታዩት ስኳር ያለበት መጠጥና አልኮል ናቸው። ስኳር ካልተስተካከለ ከተፈተገው እህል ከፊሉን በጥራጥሬና በአትክልት ይተኩ፤ ጭማቂንም በሙሉ ፍራፍሬ ይለውጡ። ፍራፍሬን ጨርሶ መከልከል ለአብዛኛው የስኳር ታካሚ አያስፈልግም፣ መጠኑን በየጊዜው መከፋፈል ይበቃል። «ለስኳር ሕመምተኞች» የሚል ጽሑፍ ያለበት ብስኩትና ቸኮሌት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዱቄትና ቅባት ስለሚበዛበት ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባ አይመስለኝም።

ዋናው ችግር ግፊት ከሆነ፣ ጨው ብቻ ሳይሆን ጠቅላላው ገበታ ይታያል። በ1997 የታተመው ዳሽ የተባለው የአሜሪካ ጥናት ጨውንና የሰውነት ክብደትን ሳይቀይር፣ በአትክልት፣ በፍራፍሬና ቅባቱ በተቀነሰ የወተት ተዋጽኦ የበለጸገ ምግብ ብቻ በማቅረብ፣ ግፊት ባለባቸው ተሳታፊዎች ላይ የላይኛውን ቁጥር በአማካይ በ11 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ዝቅ አድርጓል። ለውጡም በሁለት ሳምንት ውስጥ ታይቷል። ተሳታፊዎቹ የግፊት መድኃኒት የማይወስዱ ስለነበሩ፣ እየታከመ ያለ ሰው ተመሳሳይ ቁጥር ሊጠብቅ አይገባም፤ አቅጣጫው ግን አንድ ነው።

ደረጃ 5፦ ጨውን በሳምንት ይለኩ

የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ከሁሉም ምንጭ ተደምሮ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ ይህም አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ገደማ ሲሆን 2 ግራም ሶዲየም ይዟል። በምርት መለያ ላይ የተጻፈው ሶዲየም ከሆነ በ2.5 ሲባዛ የጨውን መጠን ይሰጣል። በ100 ግራም ምርት ውስጥ ከ1.5 ግራም በላይ ጨው ካለ ብዙ ነው፤ ከ0.3 ግራም የማይበልጥ ከሆነ ደግሞ ጥቂት ይባላል።

በየዕለቱ መለካት አድካሚ ስለሆነ የሚከተለው መንገድ ይቀላል። በቤት ውስጥ ለሚበላ ለእያንዳንዱ አዋቂ በሳምንት 35 ግራም ጨው መዝነው በተለየ ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ምግብም ሲሠራ፣ ገበታ ላይም ሲጨመር ከዚያ ብቻ ይወሰድ። ሳምንቱ ሳያልቅ ጨው ካለቀ የት እንደሄደ ይታወቃል። የታሸገ ምግብ፣ ዳቦ፣ አይብ ወይም የተዘጋጀ ማጣፈጫ አዘውትሮ የሚገባበት ቤት ግን በእነዚህ ውስጥ ያለው ጨው ከ35 ግራሙ ላይ መቀነስ አለበት፤ ከፊሉ ምናልባትም አብዛኛው ጨው በዚያ በኩል ገብቶ ሊሆን ይችላልና። መጠኑን በአንድ ጊዜ ከመቁረጥ በየሳምንቱ ማሳነስ ይሻላል፤ ምላስ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለምደዋል። የባሕር ጨውና ሮዝ ጨው በሶዲየም ይዘታቸው ከተራው ጨው ይህን ያህል ስለማይለዩ ምትክ አይሆኑም።

እውነተኛ ምትክ የሚባለው ከሶዲየሙ ከፊሉ በፖታሲየም የተለወጠበት ጨው ነው። በ2021 ታትሞ በወጣው የቻይና የገጠር ጥናት ከ20,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉ ሲሆን፣ 25 በመቶው ፖታሲየም ክሎራይድ የሆነውን ጨው የተጠቀሙት በስትሮክ የመያዝ መጠናቸው በ14 በመቶ ያነሰ ሆኗል። ይህ ጥሩ ዜና ቢሆንም የሚቀጥለውን ደረጃ ሳያነቡ እንዲህ ያለ ጨው አይግዙ።

ደረጃ 6፦ እያንዳንዱን ለውጥ ከመድኃኒትዎ ጋር ያመሳክሩ

በሕክምና ላይ ላለ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ደረጃ ይህ ነው፤ ጤናማ የተባለ ምግብ ከመድኃኒት ጋር ተጣምሮ ጉዳት የሚያደርስባቸው ሁኔታዎች ጥቂት ቢሆኑም በትክክል መታወቅ አለባቸው።

ከፖታሲየም እንጀምር። ለግፊትና ለልብ የሚሰጡት ኢናላፕሪልና ሊሲኖፕሪል፣ ሎሳርታንና ቫልሳርታን፣ እንዲሁም ስፓይሮኖላክቶን በደም ውስጥ ፖታሲየም እንዲጨምር ያደርጋሉ። ኩላሊቱ የተዳከመ ሰው ደግሞ ትርፉን ማስወጣት ስለሚያቅተው፣ በላዩ ላይ ፖታሲየም ያለበት ጨው ሲጨመር የልብ ምት እስከ ማዛባት የሚደርስ አደጋ ሊፈጠር ይችላል። ከላይ የተጠቀሰው የቻይና ጥናትም ከባድ የኩላሊት ሕመም ያለባቸውንና ፖታሲየም የሚያቆይ የሽንት መድኃኒት (ሽንት የሚያበዛ፣ ለምሳሌ ስፓይሮኖላክቶን) የሚወስዱትን አላካተተም። በተቃራኒው ሌሎቹ የሽንት መድኃኒቶች፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ፉሮሴማይድ፣ ፖታሲየምን ያሳንሳሉ፤ ብዙ ሰው ሁለቱን ዓይነት መድኃኒት አንድ ላይ ስለሚወስድ ግን የትኛው እንዳመዘነ የሚታወቀው በደም ምርመራ ብቻ ነው።

ለስኳር ኢንሱሊን፣ ግሊቤንክላማይድ ወይም ግሊሜፒራይድ የሚወስድ ሰው የእህል ምግቡን በአንድ ጊዜ በግማሽ ቢቀንስ፣ መድኃኒቱ ግን ያው ከሆነ፣ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ለውጥ ከመደረጉ በፊት ከሐኪም ጋር ስለ መጠኑ መነጋገር ግዴታ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ረኀብና ግራ መጋባት ሲሰማዎት በቶሎ የሚሠራ 15 ግራም ስኳር ይውሰዱ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና ይለኩ፤ ካልተስተካከለ ይድገሙት። እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉ የግፊትና የልብ መድኃኒቶች የልብ ምት መፍጠንንና መንቀጥቀጡን ሊደብቁ ስለሚችሉ፣ እነዚህን የሚወስድ ሰው ላብን እንደ ዋና ምልክት ይቁጠር።

ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኤምፓግሊፍሎዚን የተባሉትን የስኳር መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ከእህል ምግብ ጨርሶ የሚርቅ አመጋገብ በራሱ ውሳኔ ሊጀምር አይገባም፤ ለረጅም ሰዓትም ሳይበላ መቆየት የለበትም። ከእነዚህ መድኃኒቶች ጋር የስኳር መጠን ብዙም ሳይጨምር ደም በኬቶን (ሰውነት ቅባት ሲያቃጥል በሚያመነጨው አሲድ) ሊመረዝ ይችላል። ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ ሰው፣ በተለይም የእንስሳት ተዋጽኦ የማይበላ ከሆነ፣ ቫይታሚን ቢ12 ሊያንሰው ይችላል። የእግር መደንዘዝ በስኳር ሕመሙ ብቻ ተመካኝቶ እንዳይታለፍ ምርመራውን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን ለሚወስዱ ሰዎች አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል ክልክል ነው የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። የሚያስቸግረው በቅጠሉ ውስጥ ያለውና የመድኃኒቱን ኃይል የሚቀንሰው ቫይታሚን ኬ በአንድ ሳምንት በዝቶ በሌላው ሲጠፋ ነው፤ በየሳምንቱ ተቀራራቢ መጠን ከበሉና መቀየር ሲፈልጉ ቀድመው ካሳወቁ፣ የመድኃኒቱ መጠን ከአመጋገብዎ ጋር እንዲስማማ የደም መርጋት ፍጥነትን በሚያሳየው በአይ ኤን አር ምርመራ ይስተካከላል። ግሬፕፍሩት የተባለው ፍሬ ደግሞ ከኮሌስትሮል መድኃኒቶች ሲምቫስታቲንና በመጠኑም አቶርቫስታቲን፣ ከግፊት መድኃኒቶችም ፌሎዲፒን በደም ውስጥ እንዲከማቹ ያደርጋል፤ ሮሱቫስታቲንን ግን አይነካም።

የምግብ ፍላጎትን የሚቀንሱ እንደ ሴማግሉታይድ ያሉ መርፌዎችን የሚወስድ ሰው የሚበላው ጥቂት ስለሚሆን፣ ያ ጥቂቱ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ለእሱ ወሳኝ ነው። ፕሮቲንና አትክልት ቀድመው ይበሉ።

ደረጃ 7፦ ምክሩ የሚለወጥባቸውን ሁኔታዎች ይለዩ

የኩላሊት ሥራ በጣም የቀነሰበት ሰው ጥራጥሬን፣ ፍራፍሬንና አትክልትን በምን ያህል መጠን እንደሚበላ የሥነ ምግብ ባለሙያ ሊወስንለት ይገባል። የልብ ድካም ያለበት ሰው ክብደቱን በየጠዋቱ ይመዝን፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ በ2 ኪሎ ግራም ከጨመረ የሚጠረጠረው ውኃ መቋጠር ስለሆነ ወደ ሕክምና ይሂድ። እርጉዝ የሆነች፣ ከምግብ ጋር የተያያዘ የሥነ ልቦና ሕመም ያለባት ወይም ያለበት፣ እንዲሁም ሳያስቡት ክብደታቸው የቀነሰ አረጋውያን ይህን መመሪያ ለብቻቸው ባይከተሉት ይመረጣል።

ደረጃ 8፦ ለውጡን በትክክለኛው ጊዜ ይለኩ

እያንዳንዱ ልኬት የራሱ ጊዜ አለው። የደም ግፊት በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊለወጥ ይችላል፤ በቤት ሲለኩ አምስት ደቂቃ ተቀምጠው፣ ጀርባዎን አስደግፈውና ክንድዎን በልብ ከፍታ አሳርፈው ጠዋትና ማታ ይለኩና የበርካታ ቀናትን አማካይ ይያዙ። የኮሌስትሮል ለውጥ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ይታያል። ኤ ዋን ሲ ሦስት ወር ሳይሞላ ቢመረመር የሚያሳየው በከፊል የድሮውን አመጋገብ ነው።

የጣት ደም መለኪያ ያለው የስኳር ታካሚ ይህን ያህል መጠበቅ አያስፈልገውም። አንድ ምግብ መርጠው ከመብላትዎ በፊትና መብላት ከጀመሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይለኩ፤ በሌላ ቀን ያንኑ ምግብ ከፊሉን እህል በጥራጥሬ ተክተው እንደገና ይለኩ። ለአብዛኛው አዋቂ የሚታለመው ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ በኋላ ደግሞ ከ180 በታች ነው፤ ሐኪምዎ ሌላ ቁጥር ከሰጡዎት የእሳቸው ይያዝ። በራስ አካል ላይ የታየ የሁለት ቁጥር ልዩነት ከብዙ ምክር ይበልጥ ያሳምናል።

አመጋገቡ ሲሻሻል የመድኃኒቱ መጠን ከሚያስፈልግዎት በላይ የሚሆንበት ጊዜም ይመጣል። ከተቀመጡበት ሲነሡ የሚያዞርዎት ከሆነ ወይም ስኳርዎ በተደጋጋሚ ከወረደ፣ ልኬቶቹን ይዘው ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱ፤ መጠኑን ራስዎ አይቀንሱ። ከሦስት ወር በኋላ ደረጃ 2ንና ደረጃ 3ን ደግመው ሁለቱን ቁጥሮች ከቀድሞዎቹ ጋር ያስተያዩ።

ደረጃ 9፦ ለሕመም ቀን አስቀድመው ይዘጋጁ

ትውከት፣ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት መጥቶ መብላትና መጠጣት ሲያቅት የተለመደው ዕቅድ አይሠራም። የሰውነት ፈሳሽ ሲያንስ የሽንት መድኃኒቶች፣ እንደ ኢናላፕሪልና ሎሳርታን ያሉት፣ ሜትፎርሚንና ዳፓግሊፍሎዚን በኩላሊት ወይም በደም ላይ ጉዳት ሊያስከትሉ ስለሚችሉ፣ ከመካከላቸው የትኛው ለጊዜው እንደሚቋረጥ፣ መቼም እንደሚመለስ ጤነኛ በሆኑበት ጊዜ ሐኪምዎን ጠይቀው በደረጃ 1 ወረቀት ጀርባ ላይ ይጻፉ። ኢንሱሊን ግን ምግብ ባይበላም ጨርሶ አይቋረጥም፤ መጠኑ ይስተካከል ይሆናል እንጂ። ወረቀቱን ቤተሰብ በሚያገኘው ቦታ ያስቀምጡ፤ ከ24 ሰዓት በላይ ምግብና ውኃ አልረጋ ካለ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለዎት ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይሂዱ።